ጅቡ ነፍቶ ያልጣለው የደንገል ቤት

ርጥብ ደንገል ፀሐይ ላይ ሲደርቅ የሚሸተው ሽታ ስም የለውም። ግማሹ ሣር ነው፣ ግማሹ ዓሣ፣ ግማሹ ደግሞ ዕቃ ቤት የከረመ መጽሐፍ። ሦስት ግማሽ እንደማይኖር አውቃለሁ። ሽታው ግን ከአንድ ይበልጣል፤ ምን ላድርገው?

ባለፈው ቅዳሜ ከስድስት ዓመት ልጄ ጋር ጣና ዳር ተቀምጠን ሳለ ይህ ሽታ መጣብኝ። ራቅ ብሎ ሁለት የደንገል ታንኳዎች ዋርካ ተደግፈው ቆመው ውሃቸውን ያንጠፈጥፋሉ። ልጄ ስልኬን ቀምታኝ የካርቱን ፊልም ታያለች። አንገቴን አስግጌ ባይ ሦስት ወንድማማች አሳማዎች ናቸው፤ አንዱ ቤቱን በሣር፣ አንዱ በእንጨት፣ አንዱ በጡብ የሚሠራበት፣ ተኩላ መጥቶ እፍ የሚልበት ያ የታወቀ ተረት። ሥዕሉም ቀልዱም አዲስ ሆኗል። የሣሩ ቤት ግን ዛሬም ይወድቃል። ልጄ ሆዷን ይዛ ስትስቅ ቆየችና ቀና ብላ አየችኝ።

«አባዬ፣ አንተ ለምን አትስቅም?»

ይህን የምትጠይቀው እኔን ነው፤ ለቅሶ ቤት ሰው አስቄ ከድንኳን የተባረርሁትን። «እኔ ይህን ፊልም ሰባት ሺህ ጊዜ አይቼዋለሁ» አልኋት። ከንፈሯን አጣመመችብኝ። ቤተሰቤ እኔ ከምናገረው ከዐሥር ዘጠኙን ቀንሶ ነው የሚሰማኝ። ከዚህ በታች ያለውን ግን ሳትቀንሱ አንብቡልኝ።

ዐሥር ዓመቴ ነበር። አባቴ ከደሴ መጥቶ ባሕር ዳር በፋብሪካ መካኒክነት የተቀጠረ ሰው ነው። ሰፈራችን የሚያልቀው ሐይቁ ላይ ነበር፤ ኳስ አጥብቆ የመታ ልጅ ኳሷን ከሐይቁ ማዶ ዘጌ ሄዶ ነው የሚያመጣት። በአሰብ መንገድ ከባድ መኪና የሚነዳ አጎት ነበረኝ። በዚያ ዓመት ሚያዝያ ላይ ቴሌቪዥን፣ የቪዲዮ ዴክና አንድ ካሴት ይዞልን መጣ። አንድ ብቻ። «ሌላውን በሚቀጥለው ጉዞ» ብሎ ሄደ፤ የሚቀጥለው ጉዞ እስካሁን አልደረሰም። ካሴቱ ላይ የነበረው እንግዲህ ይኸው የአሳማዎቹ ተረት ነው። ቋንቋው እንግሊዝኛ ይሁን ጣሊያንኛ ዛሬም አላውቅም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ጫማውን በር ላይ እያወለቀ ይገባል። የጫማው ክምር ከጣሪያው እኩል ይሆን ነበር ብል ብዙ አላጋነንሁም።

እናቴ አሳማ በቤቷ መታየቱ አልተዋጠላትም። ፊልሙ በጀመረ ቁጥር አማትባ ነው የምትቀመጠው። በኋላ አንድ ሕግ አወጣች። «ይታይ፤ ስሙ ግን አይጠራም። በተለይ አባባ እንድሪስ ባሉበት።»

ከትልቁ ዋርካ ወዲያ ያለው የሰፈሩ የመጨረሻ ቤት የአባባ እንድሪስ ነው። ከእሳቸው ወዲያ ውሃ ነው። ቤታቸው ከግድግዳው እስከ ጣሪያው ደንገል ነበር፤ ራሳቸው ከሐይቁ አጭደው፣ ራሳቸው በዛፍ ልጥ አስረው የሠሩት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ታንኳ ሲሠሩ ኖረዋል። ከዘጌ እንጨት ጭኖ የሚመጣ ታንኳ ሁሉ በእሳቸው እጅ የታሰረ ነው ይባል ነበር። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ሥራውን ግን አልተዉም። ደንገሉን በጥፍራቸው መታ መታ አድርገው «ይህ ገና ነው፤ ይህ ደርሷል» ይላሉ። እኔ ከጥፍራቸው ሥር ትንንሽ ዓይኖች ያሉ ይመስለኝና፣ እጃቸውን በያዝሁ ቁጥር ገልበጥ አድርጌ አይ ነበር።

በዚያ ዓመት የካቲት ላይ ባለቤታቸው ዐረፉ። ከዚያ ወዲህ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ይውላሉ፤ ከሰው መነጋገሩን ተዉት። እናቴ አላስቻላትም።

«ሂድና እጃቸውን ይዘህ አምጣቸው» አለችኝ። «ባያዩ ይሰማሉ። አንተ እንደሆንህ ምላስህ ለሰፈር ይበቃል፤ አንድ ቀን እንኳ ለደግ ነገር ይዋል።»

በመጀመሪያው ቅዳሜ እናቴ ብርጭቆ ለይታ አጥባ ሻይና ቆሎ አቀረበችላቸው። ከጎናቸው ተቀምጬ ወደ ጆሯቸው ተጠጋሁ።

«እህ፣ ማን መጣ?»

«ሦስት ግልገሎች፣ አባባ። በሁለት እግራቸው ነው የሚሄዱት።»

«እናታቸውስ?»

«ከቤት አስወጣቻቸው። ሂዱና ቤት ሥሩ ብላ።»

«ደግ አደረገች» አሉና ቆሏቸውን ቆረጠሙ።

አሳማዎቹን ግልገል ያደረግኋቸው በእናቴ ሕግ ነው። ተኩላውን ጅብ ያደረግሁት ደግሞ ተኩላ አይቼ ስለማላውቅ ነው። ጅብ ሊነፋ መጣ ስላቸው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ።

«ጅብ መቼ ይነፋል? ይቆፍራል እንጂ።»

«ይኸኛው የውጭ አገር ነው፣ አባባ።»

«እንዴት ያለ አገር ነው እቴ።»

እስከዚህ መልካም ነበር። ሦስተኛውን ውሸት የጨመርሁት እሳቸውን ደስ ለማሰኘት ነው። ትንሹ ወንድም ሣሩን ሲከምር «ቤቱን በደንገል እየሠራ ነው» አልኋቸው። ፊታቸው ፈካ አለ። በጉልበታቸው ወደ ቴሌቪዥኑ ቀረብ አሉ። ትንንሾቹ ቤታቸውን ጨርሰው፣ ገና በሚሠራው ትልቁ ወንድማቸው ሲስቁበት ያንንም ነገርኋቸው። ፊልሙን እስከዚያ ቀን ሠላሳ ጊዜ አይቼው ስለነበር ቀጥሎ የሚመጣውን አላውቅም ማለት አልችልም። አላሰብሁትም ማለት ግን እችላለሁ።

ተኩላው ነፋ። ቤቱ ተበተነ። ልጆቹ በሳቅ ተንጫጩ።

«ምን ሆነ?»

«ወደቀ።»

«ምኑ?»

«ቤቱ።»

«የደንገሉ?»

ቆሎ የያዘው እጃቸው መንገድ ላይ ቀረ። «በምን ወር ነው ያጨደው? ልጡን ውሃ አላጠጣውም እንዴ? ማን ነው ያስተማረው?» አሉ፤ እኔን ይሁን ግልገሉን የጠየቁት አልገባኝም። ቀጥሎ የእንጨቱ ቤት ወደቀ። ተኩላው ወደ ሦስተኛው ቤት ሄዶ ነፋ፣ ነፋ፣ ምንም አልሆነም።

«የማን ቤት ነው የቆመው?»

«የትልቁ። የብሎኬት ነው» አልኋቸው። ጡብ የሚለው ቃል ያኔ ለእኔ የመጽሐፍ ቃል ነበር።

ቆሎውን መልሰው ሰሐኑ ላይ አደረጉ። እጃቸውን ጠራረጉና ተነሡ። ፊልሙ ገና አላለቀም ነበር።

ያን ዕለት እናቴ ጆሮዬን እንደ ቁልፍ አዞረችው። ምን እንዳጠፋሁ የገባኝ ስትነግረኝ ነው። አባባ እንድሪስ ጀማል የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው። ጀማል በወጣትነቱ የታንኳ ሥራውን ትቶ ከከተማው ዳር ብሎኬት መሥራት ጀመረ። ያኔ አባባ እንድሪስ ሰው በተሰበሰበበት «ሲሚንቶ የሚያቦካ ልጅ የለኝም፤ በሠራው ቤት ጥላ ሥርም አላርፍም» ብለው ነበር። ጀማል ሁለት ክፍል የብሎኬት ቤት ሠራ። እናቱ ከሞቱ ወዲህ በየዓርቡ ከጁምዓ መልስ እየመጣ ደጃፋቸው ላይ ቆሞ ይለምናቸዋል።

«አባ፣ አምና ውሃው በሩ ላይ ደርሶ ነው የተመለሰ። ዘንድሮ ይገባል። ክረምቱ ሳይጠና እንሂድ።»

«እህ» ይላሉ። ከዚያች በቀር ቃል አይወጣቸውም።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ አባባ እንድሪስ ከቤታቸው ውጭ ቆመው ግድግዳውን ሲዳስሱ አየኋቸው። ከታች ይጀምሩና አንዱን ቋጠሮ ይዘው፣ ሳብ አድርገው፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። እየቆጠሩ መሰለኝ። ቆጥረው ሲጨርሱ ስንት እንደሆነ ልጠይቃቸው ብዬ ቆሜ ጠበቅሁ። እስኪመሽ አልጨረሱም።

በቀጣዩ ቅዳሜ አልመጣም አሉ። እኔም ምላሴን ይዤ ሄድሁ።

«አባባ፣ ባለፈው ተሳስቼ ነው የነገርሁዎት። ሥዕሉ ተንቀጥቅጦብኝ ነበር።»

«ይንቀጠቀጣል እንዴ?»

«መብራቱ ሲቀንስ ይንቀጠቀጣል። ዛሬ ደህና ነው።»

መጡ። የሣሩ ቤት ሲደርስ ልቤ የፋብሪካ ሞተር ሆነ። «ነፋ» አልኋቸው። «ደንገሉ ጎንበስ አለ። ደግሞ ነፋ። ጎንበስ አለና ተመልሶ ቀና አለ።» ቴሌቪዥኑ ውስጥ ቤቱ ሲበተን ልጆቹ ሳቁ።

«ልጆቹ ምን አሳቃቸው?»

«ጅቡ ትንፋሹ አልቆ በቂጡ ተቀመጠ።»

አባባ እንድሪስ ሳቁ። መጀመሪያ ትከሻቸው ነው የሳቀ፣ ቀጥሎ ጢማቸው፣ ድምፁ መጨረሻ ላይ መጣ። እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ አየቻቸውና ቀስ ብላ ተመለሰች። ከየካቲት ወዲህ ሲስቁ የሰማናቸው ያን ጊዜ ነው። ሰው ማሳቅ የሚባለው ሥራ ላይ የተቀጠርሁት፣ እላለሁ፣ በዚያ ቅዳሜ ነው። ደግሜ ላስቃቸው የማላደርገው ነገር አልነበረም።

አደረግሁም። በየሳምንቱ ፊልሙ ያው ነው፤ የእኔ ፊልም ግን ያድጋል። በግንቦት የደንገሉ ቤት ጎንበስ ብሎ ቀና ይል ነበር። በሰኔ ጅቡ ሲነፋ ቤቱ እየተንሸራተተ ሐይቁ ላይ ወጣና እንደ ታንኳ ተንሳፈፈ። በሐምሌ ግልገሎቹን ጭኖ ዘጌ ደረሰ፤ እዚያ ያለው ሰው ሁሉ ወጥቶ ተቀበላቸው። የብሎኬቱ ቤት ግን አልሆነለትም። ትልቁ ወንድም ቤቱን ማንሳት አቅቶት እዚያው ተቀምጦ ጅቡን በመስኮት ያያል። አባባ እንድሪስ ይህን ሲሰሙ በጣም ደስ ይላቸዋል። አንዳንድ ጊዜ እየመለሱ ይጠይቁኛል። «ቤቱን ሲያስር ልጡን ስንት ዙር አዞረው?» «ሦስት» እላለሁ። «ሦስት አይበቃም። አራት ይሆናል፤ ደህና አድርገህ እይ።» አይና «አዎ፣ አራት ነው» እላለሁ።

አንድ ዓርብ፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ እናቴ ዳቦ አድርስላቸው ብላ ልካኝ ስደርስ ጀማል ደጃፉ ላይ ቆሟል። ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው።

«አባ፣ ውሃው በሩ አጠገብ ደርሷል እኮ።»

አባባ እንድሪስ በዚያ ቀን «እህ» አላሉም። «ይድረስ» አሉ። «የደንገል ቤት ይንሳፈፋል። የብሎኬት ቤት ነው ተቀርቅሮ የሚቀር። ካላመንህ ያን የመካኒኩን ልጅ ጠይቀው። በዓይኑ ያየ ነው።»

ጀማል ዞሮ አየኝ። ዳቦውን ደረቴ ላይ እንደያዝሁ ቀረሁ። ፊልም መሆኑን፣ ተረት መሆኑን፣ የእኔ መሆኑን ልነግረው አፌን ከፈትሁ። ለሰፈር የሚበቃ የተባለው ምላሴ ለአንድ ቃል አልደረሰም። ጀማል አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ሲሄድ በአጠገቤ አለፈና ዝቅ ብሎ፣ «እኔን አይሰሙኝም። አንተን ነው የሚሰሙህ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ቅዳሜ እውነቱን ልነግራቸው ቆርጬ ተቀመጥሁ። ሁለቱንም ጊዜ እዚያ ቦታ ላይ ስንደርስ ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው፣ ከመናገሬ በፊት ትከሻቸው መሳቅ ይጀምራል። ሁለቱንም ጊዜ ቤቱን አቆምሁት። በውስጤ ግን እርግጠኛ ነበርሁ፤ አባባ እንድሪስ ውሃው ዳር የቀሩት እኔ ስለዋሸሁ ነው። ውሃ ቢወስዳቸው የወሰድኋቸው እኔ ነኝ።

በነሐሴ አንድ ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ሰማዩ ጠቆረ። የመጣው ዝናብ ጠብታ አልነበረውም፤ ባልዲ በባልዲ ነው የወረደ። መብራት ጠፋ። ነፋሱ ከሐይቁ በኩል እየገፋ መጣና ቆርቆሯችንን ይደበድብ ጀመር። እናቴ ልብስ ልታነሳ ወጥታ ሳለ እኔ በጓሮ በር ወጣሁ።

ዋርካውን ሳልፍ ውሃው ጉልበቴ ደረሰ። የአባባ እንድሪስ ቤት ቆሟል፤ ግን እንደ ሰከረ ሰው ወዲያና ወዲህ ይላል። ስገባ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። እግራቸው ውሃው ውስጥ ነው፤ መስገጃቸውን ጠቅልለው ታቅፈውታል።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ። ዳኛቸው። እንውጣ።»

«ተቀመጥ» አሉኝ። «ነፋሱ ያልፋል።»

«አያልፍም። አባባ፣ ይወድቃል። የደንገሉ ቤት ይወድቃል። ሁልጊዜም ይወድቃል፣ አንድም ቀን ቆሞ አያውቅም። ዘጌም አልደረሰም።» አለቀስሁ። ማልቀስ ከጀመርሁ ወዲያ ያለኝን ሁሉ አወጣሁት። «ደግሞ ደንገልም አይደለም፣ ሣር ነው። ጅቡም ጅብ አይደለም። ግልገሎቹም ግልገሎች አይደሉም፣ አሳማዎች ናቸው።»

«አውቃለሁ» አሉ።

ዝናቡ ጣሪያውን ሰንጥቆ በመካከላችን መውረድ ጀመረ።

«ግልገል እንዲህ ኩርፍ ኩርፍ አይልም» አሉ። «ሞራው የወጣው ዓይኔ ላይ ነው፤ ጆሮዬ ላይ አልወጣም። ቤቱ ሲወድቅም እሰማዋለሁ። በየሳምንቱ ሰምቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን…»

«አንተ ታቆምልኝ ነበራ።»

አፍንጫዬን በእጅጌዬ ጠረግሁ። እውነቱን እያወቁ ከሆነ እዚህ ያስቀራቸው የእኔ ውሸት አይደለም ማለት ነው። ሊቀለኝ ሲገባ የባሰ ከበደኝ፤ እንግዲህ የሚያወጣቸው ነገር ምን እንደሆነ አላውቅም። ግድግዳው አንዴ ጮኸና ወደ ውስጥ ዘመመ። እጃቸውን አንሥተው ዳሰሱት፤ አንድ ቋጠሮ ይዘው ቆዩ።

«እስቲ አሁን እንዳለ ንገረኝ» አሉ። «ቤቱ ወደቀ። ከዚያስ? እኔ ያን ቀን ተነሥቼ ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲህም አንተ ዘጌ ስትወስዳቸው ከረምህ።»

«ከዚያማ ሮጡ። ሁለቱም ወደ ትልቁ ቤት ሮጡ።»

«ወደ ብሎኬቱ?»

«አዎ። በሩን መቱ።»

«እሺ።»

«ከፈተላቸው።»

ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «ከፈተላቸው?»

«ከፈተላቸው፣ አባባ።»

«እነሱ ቤት ሲሠራ ሳቁበት አላልኸኝም ነበር? መጀመሪያ ቀን።»

«ስቀውበታል።»

«ሳይሰድባቸው ከፈተ?»

ፊልሙን በሐሳቤ መለስሁት። ደህና አድርጌ አየሁት። ምንም አልጨመርሁም። «አልሰደባቸውም። እጃቸውን ይዞ ነው ያስገባቸው። ከዚያ አብረው ተቀመጡ። በዚያ ነው የሚያልቀው።»

«ይህን ነው እንግዲህ የዘለልኸው» አሉና እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣሉ።

ወጣን። ዋርካው ዘንድ ስንደርስ ከፊት ለፊት ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ የሚሮጥ ሰው መጣ። ጀማል ነው። ሲያየን ቆመ። ሦስታችንም ዝናብ ውስጥ ቆምን።

«አባ» አለ።

«በሩ ክፍት ነው?» አሉት።

«ከየካቲት ጀምሮ ክፍት ነው» አለ ጀማል። መስገጃውን ከእጃቸው ተቀብሎ ሸሚዙ ሥር ከተተው፤ ትከሻዬ ላይ የነበረውን እጅም ቀስ ብሎ ወደ ራሱ ትከሻ አዛወረው።

ዝናቡ ያባራው በመስከረም ነው። ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት በነበረው ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ወረድሁ። ቤቱ የነበረበት ቦታ ቡናማ ውሃ ተኝቶበታል። ትንሽ ገባ ብሎ፣ ደንገሉ ከበቀለበት አጠገብ፣ አንድ ሙሉ ግድግዳ አየሁ። ቋጠሮዎቹ እንዳሉ ናቸው። ላዩ ላይ አንዲት ነጭ ወፍ ቆማለች።

ከዚያ በቀጥታ የሄድሁት ጀማል ቤት ነው። አባባ እንድሪስ በረንዳ ላይ ተቀምጠው መዳፋቸውን በብሎኬቱ ግድግዳ ላይ ያንሸራትታሉ። ይዳስሳሉ፣ ይመለሳሉ፤ የሚይዙት ቋጠሮ አጥተዋል።

«ቤቱን አየሁት» አልኋቸው።

እጃቸው ቆመ። «የት?»

«ውሃው ላይ።»

«ቆሞ ነው?»

ትከሻቸውን አየሁ። ለመሳቅ ተዘጋጅቷል። ምላሴ ላይ ቤቱ ከነጣሪያው ቆሞ፣ ከነግልገሎቹ፣ ከነአጀቡ ወደ ዘጌ ይቀዝፍ ነበር። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የቀረችው።

«ተጋድሞ ነው፣ አባባ» አልኋቸው። «ግድግዳው ብቻ ነው ያለ። ግን አልሰመጠም።»

ትከሻቸው ተመልሶ ወረደ። መዳፋቸውን ከብሎኬቱ አንሥተው ጉልበታቸው ላይ አሳረፉት፣ ጣቶቻቸውም በሌለ ልጥ ላይ አንድ ዙር ዞሩ።

«አይሰምጥም» አሉ። «ደንገል ነው።»